ከክረምቱ በፊት የአፈር ግድቡን ማን ያየዋል?

ባለፈው ግንቦት በጣና ዙሪያ ካሉት ወረዳዎች በአንዱ ወደሚገኝ አነስተኛ የአፈር ግድብ ሄጄ ነበር። የሄድኩት ለሌላ ዘገባ ነው። ወጣቶች በውሃው ዳር ዳስ ጥለው ሻይና የተጠበሰ ቀረሶ ይሸጣሉ፤ እሑድ እሑድ ለሽርሽር የሚመጣውን ሰው በጀልባ ያዞራሉ። ዓይኔ ያረፈው ግን በትርፍ ውሃ ማስተንፈሻው ላይ ነው። አፉ አፈር በተሞሉ ጆንያዎችና በድንጋይ ተዘግቷል። ለምን ብዬ ስጠይቅ የደበቀኝ ሰው አልነበረም። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያበቃ ውሃው እንዳይባክን አርሶ አደሮቹ ራሳቸው ዘግተውታል።

ለወቀሳ አልቸኩልም። አንድ ክንድ ተጨማሪ ውሃ ማለት ለሽንኩርት ማሳ የበጋውን መጨረሻ መሻገር ማለት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ሰኔ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት ጆንያው እዚያው ነበር።

የአፈር ግድብ ውሃ በአናቱ ላይ ሲያልፍበት አይችልም። ማስተንፈሻው ከአናቱ ዝቅ ብሎ የሚሠራው ለዚህ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ባዶ ከፍታ ለድንገተኛ ጎርፍና ነፋስ ለሚያስነሳው ማዕበል የተተወ ነው እንጂ የባከነ ቦታ አይደለም። ጆንያው የወሰደው ይህንን ከፍታ ነው። ከባድ ዝናብ በአንድ ሌሊት ቢጥል ውሃው መውጫ ሲያጣ አናቱ ላይ ይወጣል፤ የሚጀምረውም ዝቅ ካለው ቦታ፣ ከብትና ጋሪ ከሚመላለስበት ወይም የመኪና ጎማ ካጎደጎደው ነው። እዚያው ግድብ አናት ላይ ደግሞ ሽርሽረኞቹን ያመጡ ሁለት መኪኖች ቆመው ነበር። ወጣቶቹ ማቆሚያውን ከግድቡ ጫፍ ወዲያ ቢያዛውሩት ገበያቸው የሚጎዳ አይመስለኝም።

ግድቡ ትንሽ ስለሆነ ጉዳቱም ትንሽ ነው የሚል አስተሳሰብ አለ። በጎረቤታችን ኬንያ ናኩሩ ካውንቲ፣ ሶላይ በተባለ አካባቢ ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ሌሊት የተናደው ግድብ በአንድ የግል እርሻ ውስጥ የነበረ የአፈር ግድብ ነው። ዝናቡ ለሳምንታት ከብዶ ነበር። ከግርጌ በነበሩት መንደሮች ቢያንስ 47 ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። የግድቡን አደገኛነት የሚወስነው ቁመቱ ብቻ ሳይሆን ከበታቹ ማን እንደሚኖር ነው።

ሁለተኛው የመፍረሻ መንገድ ከውስጥ ነው። ማንኛውም የአፈር ግድብ ጥቂት ውሃ ያሰርጋል፤ ከግርጌው የሚወጣ ጥርት ያለ፣ መጠኑ የማይለዋወጥ ውሃ ብቻውን አያስደነግጥም። ውሃው ከደፈረሰ ግን የግድቡን አፈር ይዞ እየወጣ ነው። በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት የነበረው የቲቶን ግድብ ግንቦት 28 ቀን 1968 ዓ.ም. ጠዋት የደፈረሰ ውሃ ሲያፈስ ታይቶ እኩለ ቀን ሳይሞላ ተንዷል። መሐንዲሶችና ከባድ ማሽኖች በቦታው ነበሩ፤ አላዳኑትም።

ይህንን ለመከታተል ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከግርጌ የሚወጣውን ውሃ በትንሽ ቦይ ሰብስቦ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ በእጅ ሰዓት መያዝ፣ ቀኑንና የግድቡን የውሃ ከፍታ ደብተር ላይ መጻፍ ይቻላል። ከዚያው ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ቀድቶ ማሳደርም ጥሩ ነው፤ በማግሥቱ ከታች ጭቃ ከተኛ ለወረዳው መደወል ይገባል። የውሃው ከፍታ ሳይጨምር ጀሪካኑ ቀድሞ ከሚሞላበት ጊዜ ፈጥኖ ከሞላም እንዲሁ።

ውሃው መንገድ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ጃርትና ፍልፈል በቆፈሩት ጉድጓድ ወይም በበሰበሰ የዛፍ ሥር ነው። ጉድጓዱን በድንጋይ መወተፍ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይደፍነውም፤ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ተስማሚ አፈር በስስ በስሱ እያስገቡ መደቅደቅ ነው ያለበት። በግድቡ ገላ ላይ ባሕር ዛፍ አይተከል፤ በራሱ የበቀለው ቁጥቋጦ ገና ቀጭን ሳለ ይቆረጥ። የቆየ ትልቅ ዛፍ ካለ ግን ባለሙያ ሳያዩ መንቀል ራሱ አደጋ አለው፣ ሥሩ የሚተወው ባዶ ቦታ ለውሃ በር ይሆናልና። ለተዳፋቱ ሰርዶን የመሰለ መሬት ለመሬት የሚሄድ ሣር ይበቃዋል፤ ሣሩን አጭዶ መውሰድ ከብት ከመልቀቅ ይሻላል።

ደለልም አለ። የጎንደር ከተማን ውሃ የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብ ከደለል ጋር ሲታገል የኖረ ነው። ከላይ ያለው ተፋሰስ ካልተሠራ ከታች የሚደረገው ጥገና አይዘልቅም።

ከባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ መራዊ አጠገብ የሚገኘው የቆጋ ግድብም የአፈር ግድብ ነው። 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዛል፤ 7 ሺህ ሄክታር ያህል እንዲያለማ የታቀደ ነው። እንዲህ ያለው ትልቅ ግድብ ባለሙያ አያጣም። ለእኔ የሚያሳስቡኝ በየወረዳው ያሉት ትንንሾቹ ናቸው። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 የመስኖ አውታሩን ማስተዳደርና መጠገን ለማኅበራቱ ሰጥቷል። ማኅበራቱም ቦይ ሲደፈን ወጥተው ይጠርጋሉ፤ ቦይ ሲደፈን ውሃው በዚያው ቀን ይቀራልና። ግድቡ ግን ለዓመታት ዝም ይላል። አናቱን መሙላት፣ የተንሸራተተ ተዳፋት ማስተካከል፣ የዛገ የውሃ መልቀቂያ በር መቀየር ደግሞ በማኅበር መዋጮ የሚሆን አይደለም። ይህ ሥራ የወረዳና የዞን በጀት ላይ ስሙ ተጽፎ መታየት አለበት፤ የሚፈትሸው መሐንዲስም ከሰኔ በፊት መምጣት አለበት፣ ክረምት ገብቶ መንገዱ ከተቆረጠ በኋላ አይደለም።

ሐምሌ ላይ ወደዚያው ግድብ ተመልሼ ነበር። ጆንያዎቹ ተነሥተዋል፤ ውሃው በማስተንፈሻው ላይ በስሱ እያለፈ ነበር። ድንጋዮቹ ግን ከዳር ተደርድረው መስከረምን ይጠብቃሉ።