ስስታሙ ዋልካ

ሐምሌ ላይ ከላሊበላ ተነሥቶ በቢልባላ በኩል ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚሄድ ሰው ከመኪና ወርዶ መራመድ ሲጀምር መጀመሪያ የሚከብደው ዳገቱ ሳይሆን ጫማው ነው። ሜዳማው ላይ ጥቂት እርምጃ ሲሄድ ጭቃው ከሥር እየተደራረበ እግሩን ያገዝፈዋል። በእንጨት ፍቆ ይነሣል፤ ወዲያው መልሶ ይይዘዋል። ከፍ ብሎ ጭንጫው ላይ ሲወጣ ደግሞ ጭቃው በራሱ ይለቀዋል። ያው ሰው በየካቲት ቢመለስ ሜዳው ደርቆ፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ በስንጥቅ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ይህን ጥቁር ከባድ አፈር ብዙ ሰው ዋልካ ይለዋል፤ መረሬ የሚለውም አለ። የአፈር ባለሙያዎች ቨርቲሶል ብለው መዝግበውታል። ኢትዮጵያ ውስጥ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሸፍን ይገመታል፤ ከዚህም 7.6 ሚሊዮኑ በደጋና በወይና ደጋው ነው። በአፍሪካ ከሱዳንና ከቻድ ቀጥሎ ብዙ ዋልካ ያለን እኛ ነን። ላሊበላ ባለችበት በላስታ ግን እንደ ሸዋ ሜዳ ተዘርግቶ አይገኝም። በተራራው አናትና ተዳፋት ላይ ያለው ስስ ጭንጫ ነው፤ ዋልካው ከሥር፣ ውኃ በሚተኛበት ረባዳና በግጦሽ ሜዳው ላይ ይጠራቀማል።

የአካባቢው አፈሮች ሁሉ እናት አንድ ድንጋይ ናት። የላስታ ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተደራረቡ ናቸው። ጥቁሩ ድንጋይ፣ ባዛልት የሚባለው፣ በዝናብና በፀሐይ ሲበሰብስ ልጆቹ አንድ ዓይነት አይወጡም። ዝናቡ በዝቶ ውኃው እያጠበ በሚያልፍበት ቦታ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ተጠርጎ ይሄድና ብረቱ ይቀራል፤ ቀይ አፈር የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። በጋው ረዝሞ ውኃው ወደ ታች ወርዶ በሚቆምበት ቦታ ግን የታጠበው ሁሉ እዚያው ተጠራቅሞ ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ዓይነት ይሠራል። የዋልካ ጠባይ ከዚህ ይወለዳል። ጥቁረቱን አይተው "ፍግ የጠገበ ነው" የሚሉ አሉ፤ አይደለም። በውስጡ ያለው ብስባሽ ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው፤ ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ስለሚያጠቁረው ብቻ ይበዛል ብለን እንታለላለን። ካልሲየምና ፖታሲየም ሞልቶታል፤ ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ግን ያጥረዋል።

የሸክላ ቅንጣት ከአንድ ሚሊሜትር አምስት መቶኛ እጅ ታንሳለች፤ በዓይን አትታይም። የስሜክታይት ቅንጣት ደግሞ እንደ ብራና መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል የተደራረበች ናት፤ ውኃ በቅጠሎቹ መካከል ሲገባ መጽሐፉ ያብጣል፣ ውኃው ሲወጣ ይኮማተራል። የቅጠሎቹ ገጽ ሁሉ ቢዘረጋ ዐሥር ግራም ስሜክታይት የእግር ኳስ ሜዳ ለመሸፈን ይቃረባል። የቀይ አፈር ዋነኛ ሸክላ የሆነው ካኦሊናይት ግን ቅጠሎቹ ተጣብቀው ስለተያዙ ውኃ በመካከላቸው አይገባም፤ እምብዛም አያብጥም።

ይህን ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። የክብሪት ቀፎ መሳቢያ ውስጥ በውኃ የታሸ ዋልካ ሞልተው፣ አስተካክለው ጥላ ላይ ይተዉት። በሌላ ቀፎ ቀይ አፈር ያድርጉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ዋልካው ከቀፎው ግድግዳ ተላቆ፣ መሐሉም ተሰንጥቆ ያገኙታል፤ ቀዩ ግን ከሞላ ጎደል እንደ ነበረ ነው። ሸክላ ሠሪዎች ጭቃቸው ላይ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል የሚጨምሩት ከዚሁ ጣጣ ለማምለጥ ነው።

ሜዳው ላይም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ስፋቱ ብቻ ነው። በበጋ ሲሰነጠቅ ከላይ ያለው ፍርፋሪ ወደ ስንጥቁ ይወርዳል። ክረምት ሲገባ ከሥር ያለው አብጦ ቦታ ያጣል፤ ወደ ጎን ሲገፋፋ አፈር በአፈር ላይ እየተንሸራተተ እንደ ተወለወለ ቆዳ የሚያብለጨልጭ ገጽ ይፈጥራል። ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ይህን ብልጭታ ግድግዳው ላይ አይቶት ይሆናል። ድንጋይ ከሥር እየተገፋ ወደ ላይ ይወጣል። አፈሩ ያለ በሬ ራሱን ያርሳል ማለት ነው፤ "ቨርቲሶል" የሚለው ስም ራሱ መገልበጥ ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ነው። ዛፍ በዋልካ ሜዳ ላይ የሚሳሳበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ስንጥቁ ሥሩን ይበጥሰዋል። ሣር ግን ሥሩን በየዓመቱ ያድሳልና ይችለዋል።

ወደ ውኃው ልመለስ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዋልካ ውኃ ይይዛል ሲባል "ስለዚህ ለደረቅ አገር ተስማሚ ነው" ይባላል። መያዝና መስጠት ግን ለየቅል ናቸው። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ዋልካ እስከ 400 ሚሊሜትር የሚደርስ ውኃ ሊይዝ ይችላል፤ ግማሽ ያህሉን ግን ሥር እንኳ ሊመጥጠው እስከማይችል አጥብቆ ይይዘዋል። አሸዋማው ወይም ጭንጫው አፈር የሚይዘው ጥቂት ነው፤ የያዘውን ግን አይሰስትም። በበልግ 10 ሚሊሜትር ካፊያ ቢጥል፣ በደረቀ ዋልካ ላይ የሚያርሰው ሦስት አራት ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ያንኑ ፀሐይ በማግስቱ ትወስደዋለች። በአሸዋማው ላይ ያው ዝናብ ከዐሥር ሴንቲሜትር በላይ ይዘልቃል፣ ፀሐይ ከማትደርስበት ይገባል። ዝናብ በሚቆራረጥበት ዘመን ጭንጫው ላይ ያለው ቁጥቋጦ ለምልሞ፣ ከሥር ያለው "ሀብታም" ሜዳ አመድ መስሎ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ክረምቱ ሲጠና ነገሩ ይገለበጣል። የመጀመሪያዎቹ ከባድ ዝናቦች በስንጥቁ ገብተው ታችኛውን ክፍል ያረሰርሳሉ። ከዚያ አፈሩ አብጦ በሩን ይዘጋል፤ የቀረው ዝናብ ላዩ ላይ ይተኛል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ በዋልካ ላይ ሽምብራውንና ጓያውን የሚዘራው ዝናቡ ሲያበቃ፣ በቀረው እርጥበት ነው።

ግጦሹ የሚጎዳው ደግሞ ሁለቱ ወቅቶች በሚገናኙበት ሰሞን ነው። በጋው ከብቱን አክስቶታል፤ ሰኔ መጥቶ ሜዳው አረንጓዴ ብቅ ሲያደርግ ማን ይከለክለዋል? አፈሩ ግን በዚያ ሰሞን እንደ ቡኮ ለስላሳ ነው። የበሬ ኮቴ በጠባብ ቦታ ላይ ብዙ ክብደት ስለሚያሳርፍ እየሰመጠ አየርና ውኃ የሚመላለስባቸውን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ለጋውን ሣር ከነሥሩ ይነቅለዋል። መስከረም ላይ ያ ኮቴ የረገጠው ጉድጓድ ደርቆ እንደ ጡብ ይጠነክራል። በየዓመቱ ሲደጋገም ሥረ ብዙው ሣር ቦታውን ለአንድ ክረምት አረም ይለቃል።

እንደ እኔ ግን ዋልካ ይቅር ባይ አፈር ነው። የተረገጠው ሜዳ እረፍት ካገኘ ራሱ እየተሰነጠቀና እያበጠ መጠቅጠቁን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያላላዋል። ከላይ ያለው ስስ ጭንጫ ይህ ጸጋ የለውም፤ አንዴ ጎርፍ ከወሰደው አይመለስም። ከ1970ዎቹ ወዲህ በወሎ ተራሮች ላይ እርከን ሲሠራ፣ ክልል ሲከለል ዓይን ሁሉ ዳገቱ ላይ መሆኑ ትክክል ነው። ሜዳው ግን ተረሳ። ለምለም ስለሚመስል "እሱ ምን ይሆናል" ይባላል፣ ከክልል የተባረረው ከብት ሁሉ እሱ ላይ ይሰፍራል፤ ከድጡ ወደ ማጡ።

ዋልካ ይቅር የማይለው አንድ ነገር ቦረቦር ነው። ጎርፍ በስንጥቅ ገብቶ ከሥር እንደ ቧንቧ መንገድ ይቦረቡራል፤ ላዩ ደኅና ይመስላል። አንድ ቀን ጣራው ይደረመስና ትናንት ሣር የነበረበት ሰው የሚውጥ ገደል ይሆናል። ስለዚህ ከዳገት የሚወርደውን ውኃ ሜዳው አፍ ላይ በቦይ ማስቀየስ፣ ገደሉ ከተከፈተ በኋላ ድንጋይ ከመደርደር እጅግ ይረክሳል።

ለእርሻው መላ ተፈልጎለታል። በሸዋ እናዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ከጥንት ጀምረው በእጅ መደብ እያበጁ ውኃውን በመካከሉ ያፈስሱታል፤ ሌላ ቦታ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው የማረሻ ትልም ሹሩቤ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው የዋልካ ፕሮጀክት ሁለት ማረሻ አጣምሮ ሰፊ መደብ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርቷል። ለግጦሽ ሜዳ ግን ይህ አይሆንም፤ ሣሩን ማረስ ነውና።

ዋልካ የሚፈትነው ገበሬውን ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ቦሌና አቃቂ በኩል ቤት የሠራ ሰው ዋልካን በግድግዳው ያውቀዋል፤ ጥቁሩን አፈር አስወጥቶ ሰሌክት የሚባለውን የተመረጠ አፈር ካልሞላበት በሁለተኛው ዓመት በሩ አልዘጋ ይለዋል። ግድግዳውን የሚሰነጥቀው እርጥበቱ ብቻውን ሳይሆን መለዋወጡ ነው፤ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ሸክላ አይንቀሳቀስም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በትውፊት ረግረግ ላይ፣ በወይራ እንጨት ንጣፍ ተንሳፍፎ እንደቆመ ይነገራል። ትውፊቱ እውነት ከሆነ ዋሻው ዝናቡንም ፀሐዩንም ከልሎ ጭቃውን ከማበጥና ከመኮማተር አሳርፎታል ማለት ነው።

ሜዳው ላይ ዋሻ የለም፤ ያለው የእረኛ ተረከዝ ነው። ማለዳ ከብቱ ከመለቀቁ በፊት መሬቱን በተረከዝ መጫን፤ ከጣት አንጓ በላይ ከሰመጠና ውኃ ካቀረረ ከብቱ በጭንጫው ዳር ይዋል፣ ጓሉ ከፈረሰ ይግባ። የመንደር ስምምነቶች ብዙ ጊዜ ግጦሽን የሚዘጉትና የሚከፍቱት በቀን ቆጠራ ነው። ዋልካ ደግሞ የወር ስም አያውቅም፤ አንዳንድ ዓመት ሰኔ 20 ገና አቧራ ነው፣ አንዳንድ ዓመት በዚያው ቀን በሬ ይሰምጣል።