ድርቅና የተክሎች ሆርሞን፦ ተረትና እውነታ

ዝናብ ሲቀር ተክል እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ ይመስለናል። እንዲያ አይደለም። አብሲሲክ አሲድ የተባለ ሆርሞን አለው፤ በእሱ አማካይነት ውኃውን ይቆጥባል። ስለዚህ ሆርሞን በተለምዶ ከሚታመኑት አራቱን እንፈትሽ።

ተረት 1፦ ተክል ውኃ ሲያጣ ከመጠውለግ በቀር የሚያደርገው የለም።

እውነታ፦ በቅጠል ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ስቶማታ የሚባሉት፣ እያንዳንዳቸው በሁለት ጠባቂ ህዋሳት የታቀፉ ናቸው። ሆርሞኑ ሲደርሳቸው ፖታሲየም ከህዋሳቱ ይወጣል፤ ውኃም ይከተለዋል። የተወጠሩት ህዋሳት ይላላሉ፤ ቀዳዳውም በደቂቃዎች ውስጥ ይጠባል።

ተረት 2፦ ሆርሞኑ በሥር ተመርቶ ወደ ቅጠል ይላካል።

እውነታ፦ ሳይንቲስቶችም ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያምኑ ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ግን ሆርሞኑን በበቂ መጠን በማያመርት የቲማቲም ሥር ላይ ጤናማ የቲማቲም ግንድ ተቀጠለ። አፈሩ ሲደርቅ የቅጠሎቹ ቀዳዳዎች እንደ ወትሮው ተዘጉ። በ2018 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች በአራቢዶፕሲስ ተክል ላይ መልእክተኛውን አገኙ፦ የተጠማ ሥር ሲኤልኢ25 የተባለ ትንሽ ፔፕታይድ ወደ ላይ ይልካል፤ ሆርሞኑን የሚያመርተው ቅጠሉ ራሱ ነው።

ተረት 3፦ ሆርሞኑ ከውኃ ጋር እየፈሰሰ ያገኘው ህዋስ ውስጥ ይገባል።

እውነታ፦ የህዋስ ሽፋን በረኞች አሉት። በ2010 ሁለቱ ታወቁ፦ ኤቢሲጂ25 የተባለው ፕሮቲን ሆርሞኑን ከተመረተበት ህዋስ ያስወጣዋል፤ ኤቢሲጂ40 ወደ ጠባቂ ህዋሳት ያስገባዋል። በድርቅ ጊዜ በህዋሳት መካከል ያለው ፈሳሽ አሲድነቱ ስለሚቀንስ፣ ሆርሞኑ ኤሌክትሪካዊ ሙል ይይዝና ሽፋኑን በራሱ ማለፍ ያቅተዋል። በረኞቹ ይበልጥ የሚያስፈልጉት ያኔ ነው።

ተረት 4፦ ሆርሞኑ በበዛ ቁጥር ተክሉ ይጠቀማል።

እውነታ፦ የተዘጋ ቀዳዳ ካርቦን ዳይኦክሳይድም አያስገባም። ተክሉ ምግቡን ማዘጋጀት ይሳነዋል፤ ዕድገቱ ይገታል፤ ምርቱ ይቀንሳል። በዚህም ምክንያት ተክሉ የሆርሞኑን መጠን ይቆጣጠራል። ከፊሉን ከግሉኮስ ጋር አጣምሮ ያስቀምጠዋል፤ ሲቸግረው ይፈታዋል። ዝናብ ሲመለስ ሲዋይፒ707ኤ የተባሉ ኢንዛይሞች የተረፈውን ያፈርሱታል።

ድርቅን የሚቋቋም ዝርያ ለማውጣት ሆርሞኑን ማብዛት ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። ዝናቡ እየመጣ እየተቋረጠ ለሚያስቸግረው ገበሬ፣ በጊዜ የሚዘጋ፣ ውኃ ሲያገኝም ሳይዘገይ የሚከፍት ሰብል ያስፈልገዋል።