አደራ (ዕቃን በአደራ ማስቀመጥ)

አደራ አንድ ሰው ንብረቱን ሌላ ሰው እንዲጠብቅለትና በጠየቀ ጊዜ እንዲመልስለት የሚሰጥበት ስምምነት ነው። ንብረቱን የሚሰጠው አደራ ሰጪ፣ የሚረከበው አደራ ተቀባይ ይባላል። በሙስሊሙ ኅብረተሰብ ዘንድ ከዓረብኛ የመጣው አማና የሚለው ቃል በተመሳሳይ ትርጉም ያገለግላል። የተረከበውን የካደ ወይም ለራሱ ያዋለ ሰው «አደራ በላ» ይባላል። ይህ በአማርኛ «ሌባ» ከሚለው የማይተናነስ ከባድ ስድብ ነው።

ይህ መጣጥፍ ዕቃን በአደራ ስለማስቀመጥ ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የተወሰዱት ከውጫሌ እስከ ደሴ ካለው የወሎ ደጋ ነው። በዚህ አካባቢ ለትምህርት የሚመጣና የሚሄድ ሰው ብዙ ሲሆን፣ በሌሎች አገሮች ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተዘጋጀው «ሰልፍ ስቶሬጅ» የሚባለው የማስቀመጫ ክፍል ኪራይ ግን የተለመደ አይደለም። ሥራውን የሚሠራው አደራ ነው።

የተማሪ ጓዝ

ውጫሌ የአምባሰል ወረዳ ከተማ ስትሆን ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከሐይቅ በስተሰሜን ትገኛለች። በዚህ መንገድ በደቡብ በኩል ወሎ ዩኒቨርሲቲ (ደሴና ኮምቦልቻ)፣ በሰሜን በኩል ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚማርበትን ከተማ የሚያውቀው ምደባ ሲወጣ ስለሆነ፣ ዘመድ ወደሌለበት አገር መሄድ የተለመደ ነው። ይዞት የሚሄደው ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ልብስ፣ መጻሕፍት፣ ምናልባትም ላፕቶፕ ነው። ለደጋ ከተማ ወፍራም ጋቢም ይጨመራል፤ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ከቆላ የመጣ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ገበያ መውጣቱ አይቀርም።

ችግሩ የሚመጣው ክረምት ሲገባ ነው። ተማሪው ክሊራንስ ጨርሶ የዶርሙን ቁልፍ ያስረክባል። ጓዙን ሁሉ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭኖ መመለስ ለጭነት ያስከፍላል፤ በየመናኸሪያው ማውረድና መጫንም አለ። ስለዚህ ከፊሉ ከተማው ውስጥ ይቀራል፦ የከተማ ልጅ የሆነ የክፍል ጓደኛ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ልብስ የምታጥብለት እናት ዘንድ፣ ወይም ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይቶ የሚኖር የአገር ልጅ ጋር። እንደ ውጫሌ ባሉ ከተሞች ደግሞ ከገጠር ቀበሌ መጥተው በጋራ ክፍል ተከራይተው ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ ልጆች አሉ። እነሱም ክረምቱን ለእርሻ ሥራ ወደ ቤተሰብ ሲመለሱ ምጣዱን፣ ድስቱንና ፍራሹን ለአከራያቸው ትተው ይሄዳሉ።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ገንዘብ እምብዛም አይነሳም። ተመላሹ ተማሪ ቡና ወይም ስኳር ይዞ ይመጣል እንጂ «ለሦስት ወር ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ እንደ ነውር ይቆጠራል። «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» የሚለው አባባል ስምምነቱን ያስራል፤ ወረቀት ግን አይጻፍም።

ዕቃ ቤትና የሐይቅ መዝገብ

አካባቢው የተማሪ አገር የሆነው ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት አይደለም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞአ መሪነት ከታላላቅ የትምህርት ማዕከሎች አንዱ ሆኖ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ መማራቸው ይነገራል። በሌላ በኩል ጃማ ንጉሥና ዳና የታወቁ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች ነበሩ፤ ተማሪዎቹ ደረሳ ይባላሉ። የቆሎ ተማሪም ሆነ ደረሳ የሚይዘው ጓዝ ጥቂት ስለነበር የማስቀመጫ ጥያቄ ለግለሰቡ ከባድ አልነበረም። የሚጠበቀው ንብረት የማኅበሩ ነበር።

ለዚህ ሲባል በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ዕቃ ቤት ይሠራል። ዕቃ ቤት ከቤተ መቅደሱ ተለይቶ የሚቆም፣ መጻሕፍት፣ መስቀሎች፣ አልባሳትና ሌሎች ንዋያተ ቅድሳት የሚቀመጡበት ቤት ነው። ኃላፊነቱ በስም ለታወቀ አገልጋይ ይሰጣል። በችግር ጊዜ የአካባቢው ሰው የግል ንብረቱንም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያስገባ ኖሯል፤ የቦታው ክብር ከቁልፍ ይበልጥ ይጠብቃል ተብሎ ስለሚታመን። መጻሕፍት ላይ ደግሞ የሚሰርቃቸውን ወይም ጽሑፋቸውን የሚፍቀውን ሰው የሚያወግዝ ቃል መጻፍ የቆየ ልማድ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን መዝገቡ ነው። ኢየሱስ ሞአ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈ ሲሆን፣ ከወንጌሉ ቃል በተጨማሪ ገዳሙ የነበሩትን መጻሕፍት ዝርዝር ይዟል። በኢትዮጵያ ከሚታወቁት የመጻሕፍት ዝርዝሮች እጅግ ከቀደሙት አንዱ ነው። ዝርዝሩ በተለየ ወረቀት ሳይሆን ማንም በቀላሉ በማይጥለው ወንጌል ላይ መጻፉ ብልህነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1530ዎቹ የኢማም አሕመድ ጦር ወደ ሐይቅ ደርሶ የገዳሙን ሀብት ሲወስድ ወንጌሉ ተርፏል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ በቁጥር 1832 መዝግቦታል፤ የፊልሙ ቅጂ አዲስ አበባና አሜሪካ ሚኒሶታ ይገኛል። በኮምፒውተር ቋንቋ ይህ ባክአፕ ነው፦ ዋናው አንድ ቦታ፣ ቅጂዎቹ ሌላ ቦታ።

ሁለት ቅጂ መኖሩ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ቅጂዎቹ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ውጫሌ ለዚህ ከሁሉ የታወቀ ምሳሌ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ በተፈረመው የውጫሌ ውል የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛ ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመነጋገር በኢጣልያ መንግሥት በኩል መሄድ እንደሚችሉ ሲገልጽ፣ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። ልዩነቱ ወደ አድዋ ጦርነት ካመሩት ምክንያቶች ዋነኛው ሆነ።

አደራ በሕግ

የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2779 ጀምሮ ስለ አደራ ውል ይደነግጋል። በሕጉ መሠረት አደራ ተቀባዩ ዕቃውን በጥንቃቄ መጠበቅ አለበት፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሊገለገልበት አይችልም፤ ሲጠየቅም ይመልሳል። ስለዚህ «ላፕቶፑ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ» ተብሎ ፊልም ማየት፣ ወይም ምጣዱን ለድግስ ማዋስ፣ በባህል ቀላል ቢመስልም ሕጉ የሚከለክለው ነው። በሌላ በኩል ዕቃውን ለመጠበቅ ያወጣው ወጪ ካለ ባለቤቱ ሊተካለት ይገባል። ለሙያው የቆሙ መጋዘኖች በሕጉ ውስጥ የራሳቸው ድንጋጌዎች አሏቸው። የተረከበውን ንብረት ሆነ ብሎ ለራሱ ያዋለ ሰው ደግሞ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675፣ «እምነት ማጉደል» በሚለው ሥር ሊጠየቅ ይችላል።

በሰልፍ ስቶሬጅ ነገሩ የተለየ ነው። ይህ ንግድ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ፣ በተለይ በቴክሳስ የተስፋፋ ሲሆን፣ ዋና ደንበኞቹ ቤት የሚቀይሩ ሰዎችና ተማሪዎች ናቸው። ደንበኛው ባዶ ክፍል በወር ይከራያል፤ የራሱን ቁልፍ ያንጠለጥላል፤ ድርጅቱ ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። አከራዩ ዕቃ አልተረከበም፤ ያከራየው ቦታ ነው። ስለሆነም ለጠፋ ዕቃ ያለበት ኃላፊነት ጠባብ ነው፣ ደንበኛውም ብዙ ጊዜ ኢንሹራንስ እንዲገባ ይጠየቃል። ኪራይ ካልተከፈለ ደግሞ በየክፍለ ግዛቱ ሕግ መሠረት ዕቃው በጨረታ ሊሸጥ ይችላል። ደሴ ያለችው አደራ ተቀባይ ተማሪው ሁለት ዓመት ቢዘገይ እንኳ ዕቃውን መሸጥ ያሳፍራታል። የቴክሳሱ ድርጅት ይህ ኀፍረት የለበትም፤ በምትኩ ማን መቼ ክፍሉን እንደያዘ የሚያሳይ ውል አለው።

በአገራችን ለሁለቱ መካከለኛ የሚሆነው የእድር ዕቃ ቤት ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ በአንድ ቤት ተቆልፎ ይቀመጣል፤ የንብረት ኃላፊ ይመረጣል፤ የወጣና የገባ ይጻፋል፤ የጎደለ ሳህን ያስከፍላል። ጎረቤት በጎረቤት ላይ መዝገብ ቢይዝም ማንም ተናቅሁ አይልም።

ጠባቂው ሲሰደድ

አደራ በሰው ላይ የቆመ ስለሆነ ሰውየው ቦታውን ሲለቅ ይፈርሳል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ውጊያው ወደ ውጫሌ ደርሶ ቀጥሎም ሐይቅ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገቡ፤ ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ እስኪመለሱ ድረስ ብዙ ነዋሪ ወደ ደቡብ ተሰዷል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ንብረትም ተዘርፏል። እንዲህ ባለ ጊዜ አደራ ተቀባይ የሌላውን ሻንጣ ይቅርና የራሱንም ይዞ ለመውጣት ይቸገራል። ሕጉ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የጠፋን ዕቃ በጠባቂው ላይ አይጥልም። ነገር ግን ምን ተቀምጦ እንደነበረ ካልተጻፈ፣ የተዘረፈው ከተረፈው አይለይም፤ ባለቤቱ ይጠረጥራል፣ ጠባቂው ይቀየማል፣ ለዓመታት የቆየ ወዳጅነት በአንድ ጋቢ ምክንያት ይበላሻል። ወረቀት መጻፍ አለማመን ይመስላል፤ በእንዲህ ያለው ጊዜ ግን ከባለቤቱ ይልቅ የሚጠቅመው ጠባቂውን ነው።

በተግባር

ዝርዝሩ ረጅም መሆን የለበትም፦ የዕቃው ዓይነትና ብዛት፣ የላፕቶፑ መለያ ቁጥር፣ የተሰጠበት ቀን፣ ይመለሳል የተባለበት ጊዜ፣ ባለቤቱ ባይመጣ ማን ሊወስድ እንደሚችል። አንዱን ቅጂ ሁለቱም ፈርመው ሌላውን በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል። የትምህርት ማስረጃና የልደት ምስክር ወረቀት በአደራ አይተውም፤ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል፣ ቅጂው ደግሞ በኢሜይል ይቀመጣል።

በወሎ ደጋ ከሌባ ይልቅ የሚያሰጋው ሐምሌና ነሐሴ ነው። በመሬት ላይ የተቀመጠ ብርድ ልብስና መጽሐፍ ሻጋታ ያበቅላል፣ አይጥም ያገኘዋል። ስለዚህ ልብሱን ፀሐይ በደንብ መትቶት ደረቅ ሆኖ መጠቅለል፣ ሻንጣውን በቆጥ ወይም በጣውላ ላይ ማድረግ፣ ከጭቃ ግድግዳም አራቅ ማድረግ ይሻላል። እርጥብ ነገር በፕላስቲክ አጥብቆ ማሰር ሻጋታውን ያባብሰዋል። ላፕቶፕ ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ሆኖም ባዶ ሆኖም መተው የለበትም፤ ግማሽ አካባቢ ሞልቶ፣ ተጠፍቶ፣ ደረቅ ቦታ ይቀመጣል።