ተረትና እውነታ፦ መገልበጥ በተቃራኒው መደርደር ነው?

አርባ ምንጭ ላይ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበረታል፤ በሚያዝያና በግንቦት አንዴ፣ በመስከረምና በጥቅምት ደግሞ ዳግም። በመካከሉ ጠብ የማይልባቸው ብዙ ቀናት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ በተመሠረተው በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ የሃይድሮሎጂ ተማሪ የዕለት ዝናብ መዝገብ ይዞ በፓይተን፣ በፓንዳስ ላይብረሪ፣ ከባዱን ዝናብ ፍለጋ ገባ እንበል።

ተረት፦ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ መገልበጥ ከትልቅ ወደ ትንሽ ከመደርደር አይለይም።

እውነታ፦ ቁጥሮቹ ሁሉ ከተለያዩና አንድም ካልጎደለ ልክ ነው። የዝናብ መዝገብ ግን እንዲህ ሆኖ አያውቅም። መለኪያው የተበላሸበት ወይም ንባቡ ያልተጻፈበት ቀን ባዶ ይቀራል። ፓንዳስ ካልታዘዘ በቀር ባዶውን ምንጊዜም መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ከትልቅ ወደ ትንሽ እንዲደረድር «አሴንዲንግ» የሚለውን «ፎልስ» ብንለውም ቦታው አይለወጥም። የተደረደረውን በእጃችን ስንገለብጠው ግን ባዶዎቹ ቀናት አናት ላይ ይወጣሉ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ረድፎች ቆርጦ ለጎርፍ ጥናት የወሰደ ሰው የያዘው ያልተለካ ቀን ነው። ይህ ቀላል ስህተት አይደለም፤ ድልድይ የሚታቀደው በእንዲህ ዓይነት ቁጥር ነው።

እኩል ቁጥሮችም አሉ። ዜሮ የተመዘገበባቸው ቀናት በቀን ቅደም ተከተል ቢቀመጡ፣ መገልበጡ እነሱንም ከኋላ ወደ ፊት ያዞራቸዋል። የፓይተን «ሶርትድ» ግን «ሪቨርስ» «ትሩ» ሲባል እንኳ የእኩል ቁጥሮቹን የቀድሞ ቅደም ተከተል ይጠብቃል። ፓንዳስ ላይ ይህን ለማግኘት «ካይንድ» የሚለውን «ስቴብል» ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሳይነገረው ለመጠበቅ ዋስትና አይሰጥም።

ተረት፦ የዝርዝር «ሪቨርስ» ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረድራል።

አይደረድርም። ያገኘውን ቅደም ተከተል ብቻ ያዞራል፤ የተዘበራረቀ ከሆነ ተገልብጦም የተዘበራረቀ ነው።

ቁጥሩ እንደ ጽሑፍ ከተነበበ ደግሞ የትኛውም መንገድ አያድንም፤ የሚነጻጸረው ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ በየፊደሉ ስለሆነ 9.5 ሚሊሜትር ከ62.0 በላይ ይቀመጣል። አስቀድሞ ዓምዱን ወደ ቁጥር መለወጥ ነው።

ተረት፦ ከተደረደረ በኋላ «ሎክ» ዜሮ ብሎ መጥራት ትልቁን ዝናብ ያመጣል።

የረድፉ መለያ ከረድፉ ጋር ነው የሚሄደው። ስለዚህ በመለያ የሚፈልገው «ሎክ» ዜሮ፣ መለያው ከዜሮ ጀምሮ የተቆጠረ ከሆነ፣ የሚያመጣው መዝገቡ የተጀመረበትን ቀን ነው። አናት ላይ ያለውን የሚሰጠው በቦታ የሚፈልገው «አይሎክ» ዜሮ ነው።