ሌሊት የሚያጠምቅ ላብ

በብርዳማ ከተማ አንሶላ የሚያርስ ላብ መቼ ወደ ሐኪም ይወስደናል?

ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የሚወርድ ሰው፣ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ከቆመበት ቴዎድሮስ አደባባይ ይደርሳል። ከአደባባዩ ወደ ታች ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አለ። ወደ ላይ ተመልሶ ፒያሳን አቋርጦ፣ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ለሚወጣ ደግሞ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል አለ። ጥቁር አንበሳ የአገሪቱ ትልቁ የማስተማሪያ ሆስፒታል ሲሆን ለረጅም ዓመታት ብቸኛው የካንሰር የጨረር ሕክምና መስጫም ነበር። ቅዱስ ጴጥሮስ ለአሥርት ዓመታት የቲቢ ሕሙማን የተኙበት ቤት ነው። የሁለቱ ቤቶች ሐኪሞች ሁልጊዜ የሚሰሙት አንድ ቅሬታ አለ፦ «ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል።»

ይህን የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ ሐኪም ፊት የሚቀርበው ዘግይቶ ነው። ከዚያ በፊት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት፣ ሌሊት ተነስቶ ልብስ ቀይሯል፣ ትራሱን ገልብጧል፣ ጠዋት አንሶላውን አስጥቷል። የሚያስቆጨው ይህ መዘግየት ነው። ምርመራው ቅርብ፣ ሕክምናውም ብዙ ጊዜ ነጻ ሆኖ ሳለ በየቤቱ የሚባክነው ጊዜ የሰው ሕይወት ይበላል።

ላብን እንዴት እንደምናነበው

በእኛ ቤት ላብ የመዳን ምልክት ነው። ምች መታኝ ያለ ሰው በዳማከሴ ይታሻል፣ ጭማቂውንም በቡና ይጠጣል፣ ጋቢ ተከናንቦም ይተኛል። ካላበው «እሰይ፣ ወጣለት» ይባላል። ይህ እምነት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ትኩሳት ሲኖር አንጎል የሰውነትን ሙቀት ከወትሮው ከፍ አድርጎ ይይዛል። ትኩሳቱ ሲለቅ የተጠራቀመው ሙቀት መውጫው ላብ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው አንድ ሌሊት አልቦት ጠዋት ቀለል ቢለው እናቶቻችን ያሉት ልክ ነው።

ስህተቱ የሚመጣው ላቡ በማግስቱም፣ በሳልስቱም፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ሲደጋገም ነው። በየሌሊቱ የሚመጣ ላብ ትኩሳቱ በየቀኑ እየተመለሰ ለመሆኑ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። የሰውነት ሙቀት በተፈጥሮው ወደ ማታ ከፍ፣ ወደ ንጋት ዝቅ ይላል። ሥር የሰደደ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ትኩሳቱ አመሻሽ ላይ ይነሳል፣ ሌሊት ይወርዳል፣ ሲወርድም ያልበዋል። ቀን ቀን ደህና መስሎ ሥራውን የሚሠራ ሰው ሌሊት የሚታመመው በዚህ የተነሳ ነው።

ሐኪሞች የሌሊት ላብ የሚሉት ወፍራም ብርድ ልብስ ደርቦ መሞቅን ወይም በዝግ ክፍል ውስጥ ወዛ ማለትን አይደለም። ክፍሉ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ልብሱም መጠነኛ ሆኖ፣ የሌሊት ልብስና አንሶላ እስኪቀየር ድረስ የሚያረጥብ ላብ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። በዚያ ብርድ አንሶላው የራሰበት ሰው «ሙቀቱ ነው» ሊል አይችልም።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው

በኢትዮጵያ ሐኪም እንዲህ ያለ ቅሬታ ሲሰማ ቀድሞ የሚያስበው ቲቢን ነው። ሮበርት ኮክ ቲቢ በባክቴሪያ እንደሚመጣ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 ነበር። በእኛ መጋቢት 15 ላይ የሚውለው የዓለም የቲቢ ቀን ከዚያ የመጣ ነው። ከ140 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላም በሽታው ዓለምን አልለቀቀም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 10.8 ሚሊዮን ሰዎች በቲቢ ታመው 1.25 ሚሊዮን ሞተዋል። ኢትዮጵያ የቲቢ ጫና ከበረታባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። በየዓመቱ ከመቶ ሺህ ሰው ውስጥ ከመቶ በላይ እንደሚታመም ይገመታል።

ይህ ማለት ግን ዝም ተብሎ ተቀምጧል ማለት አይደለም። ሕሙማን የጤና ባለሙያ እያያቸው መድኃኒት የሚወስዱበት አሠራር እ.ኤ.አ. በ1992 በአርሲና በባሌ ተሞክሮ ከዚያ ወደ መላ አገሪቱ ተስፋፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 እና 2011 የተካሄደው የመጀመሪያው አገር አቀፍ የቲቢ ሥርጭት ጥናት ከመቶ ሺህ አዋቂዎች 277ቱ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ቲቢ እንዳለባቸው አሳይቷል። ይህም ቀደም ሲል ይገመት ከነበረው ያነሰ ነበር። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሕክምና በ2001 ዓ.ም. በቅዱስ ጴጥሮስ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ኢትዮጵያ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች ዝርዝር ወጣች። ይህ ብዙ ሰው የደከመበት ውጤት ነው።

የቀረው ፈተና ሕሙማኑን በጊዜ ማግኘት ነው። ቲቢን ለመለየት የሚጠየቁት ነገሮች አራት ናቸው፦ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ሳልን ብቻ ስለሆነ «ሳል የለኝም» ብሎ ይረጋጋል። በአገራችን ግን ከቲቢ ሕሙማን ሲሶ ያህሉ ቲቢው ከሳንባ ውጭ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየውም በአንገት ንፍፊት ላይ ነው። እብጠቱ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ብዙም ስለማያም ሰው ችላ ይለዋል። በአንገቷ ጎን እብጠት ያላት፣ ቀሚሷ እየሰፋ የሄደባት፣ ሌሊት የሚያልባት ወጣት አንዴም ሳታስል ቲቢ ሊኖርባት ይችላል።

የተዘጋው መስኮት

ከፒያሳ ወደ ለገሃር በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ በማለዳ የሚሰማ ንግግር አለ። ተጠጋግተው ከተቀመጡት አንዱ ወጣት መስኮቱን በጥቂቱ ይከፍታል። ከኋላው ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ እናት «ኧረ ልጄ ዝጋው፣ ብርድ ነው» ይሉታል። «እሺ እማማ» ብሎ ይዘጋዋል። ማንም አይከራከርም፤ ብርድ በሽታ ያመጣል የሚለው ከእናት ጡት ጋር የጠባነው ነገር ነው።

የቲቢ ባክቴሪያ ግን የሚወደው የተዘጋውን መስኮት ነው። ሕመምተኛው ሲያስል፣ ሲያወራ፣ ሲዘፍን የሚወጡት ደቃቅ ጠብታዎች አየር በማይንቀሳቀስበት ቦታ ለሰዓታት ሊንሳፈፉ ይችላሉ። ንጹሕ አየር ሲገባ ይበተናሉ። ቲቢ በስኒ፣ በእንጀራ፣ በጉርሻ ወይም በመጨባበጥ አይተላለፍም። ስለዚህ በቤት ውስጥ የሕመምተኛውን ብርጭቆ መለየት ትርጉም የለውም፤ መስኮት መክፈት ግን አለው። ሕክምናውን የጀመረ ሰው መድኃኒቱ የሚሠራለት ከሆነ በሳምንታት ውስጥ የማስተላለፍ አቅሙ በጣም ይቀንሳል። አደገኛው ገና ያልተመረመረው ነው።

ሌሎቹ ምክንያቶች

ላብ ሁሉ ቲቢ አይደለም። ከሕክምና ክፍል የሚወጡ ብዙ ሰዎች ቀላል ምክንያት ይገኝላቸዋል። ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ያሉ ሴቶች ማረጥ ሲቃረብ ድንገት ሙቀት ከደረታቸው ወደ ፊታቸው ይወጣባቸዋል፣ ያልባቸዋል፣ ከዚያም ይበርዳቸዋል። የድብርት መድኃኒት የሚወስዱ፣ መጠጥ የሚያዘወትሩ ወይም በድንገት ያቆሙ፣ በጭንቀት እንቅልፍ ያጡ ሰዎችም ያልባቸዋል። የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲበዛ ላብ ከልብ ምት መፍጠን፣ ከእጅ መንቀጥቀጥና ከመክሳት ጋር ይመጣል።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ሌሊት አልቦት እየተንቀጠቀጠ ከነቃ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላልና ወዲያው ጣፋጭ ነገር መውሰድ አለበት። ራሱን ስቶ መዋጥ ካልቻለ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጠው በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

የሄዱበት አገርም ይጠየቃል። ወባ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ በቀላሉ አይተላለፍም፤ ከጋምቤላ፣ ከመተከል ወይም ከአርባ ምንጭ የተመለሰ ሰው ግን ይዞት ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራና መተማ የከረመ ሰው ትኩሳቱና ላቡ ካልለቀቀው፣ ሆዱም በግራ በኩል ካበጠ ካላዛር ይጠረጠራል። ጥሬ ወተት የሚጠጡና ከብት የሚያዋልዱ ሰዎችን ብሩሴሎሲስ በሚመላለስ ትኩሳት፣ በላብና በመገጣጠሚያ ሕመም ያሠቃያቸዋል።

ኤችአይቪም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በኢትዮጵያ ከተሞች የተደረገ ጥናት ከአዋቂዎች 3 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው እንደሚገኝ አሳይቷል። ቫይረሱ ራሱ ላብ ሊያመጣ ይችላል፤ የሰውነትን መከላከያ አዳክሞም ለቲቢ በር ይከፍታል። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ስለዚህ ላቡ ለሳምንታት እስኪደጋገም አይጠብቅም፤ ከአራቱ የቲቢ ምልክቶች አንዱን ባየ ቀን መሄድ አለበት። የንፍፊት ካንሰር የሆነው ሊምፎማም ከምልክቶቹ መካከል አንሶላ የሚያርስ ላብ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳትና በስድስት ወር ውስጥ ከሰውነት ክብደት ከአሥር በመቶ በላይ መቀነስ አሉት። ከአንገት ቲቢ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል እጢውን በመርፌ ወይም በቀዶ ናሙና ወስዶ ማየት ግድ ይላል።

የሚያዘገየን

ለመዘግየቱ የመጀመሪያው ምክንያት መድኃኒት ቤት ነው። ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ከመሰለፍ ይልቅ «ለብርድ የሚሆን ስጠኝ» ብሎ ያለ ማዘዣ ፀረ ተሕዋስያን ገዝቶ ይወጣል። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ቲቢን ሳያድኑ ለጊዜው ያለዝቡታል። ሕመምተኛው «ተሻለኝ» ይላል፣ ምርመራውም ይወሳሰባል፣ በሽታው ግን ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል።

ሁለተኛው ሐሜት ነው። የከሳን ሰው «እሱማ በዚያ በሽታ ነው» የምንል ሰዎች አለን። ሰውየው ከሐሜቱ ለመሸሽ ከሕክምናውም ይሸሻል። ዛሬ ግን ቲቢ የሚድን በሽታ ነው፤ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። ያኔ የሚያስፈራው አሁን የሚታከም ሆኗል፤ ምላሳችን ግን ገና አልተለወጠም።

ሦስተኛው ጠበልን ከሐኪም ጋር ማጋጨት ነው። በእንጦጦ የሚጠመቁ አንዳንድ ሕሙማን እምነታቸው እንዳይጎድል ፈርተው መድኃኒት ያቋርጡ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ለቲቢም ያው ነው፤ የሚጠመቅ ሰው ክኒኑን ይዋጥ።

መቼ ይኬዳል? ምን ይጠብቃል?

ላቡ ልብስ እስኪያስቀይር ድረስ ከሆነና ከሁለት ሳምንት በላይ ከተደጋገመ፣ ሌላ ምልክት ባይኖርም መመርመር ተገቢ ነው። ሳል፣ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት ወይም በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ላይ እብጠት ካለ ግን ነገ አይባልም። ቤት ውስጥ ቲቢ የታከመ ሰው ካለም እንዲሁ። ከወባ አካባቢ የተመለሰ ሰው በዚያው ቀን ይሂድ። ደም የቀላቀለ አክታ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ኃይለኛ የደረት ውጋት ወይም መዘባረቅ ካለ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ለመጀመሪያው ምርመራ የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ይበቃል። ላቡ መቼ እንደጀመረ፣ ልብስ ያስቀይር እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወሰድ አስቀድሞ አስቦ መሄድ ሐኪሙን ይረዳል። አክታ ሲጠየቅ ምራቅ አይሰጥም፤ ጠዋት አፍን ተጉመጥምጦ፣ ደጅ ወጥቶ፣ በረጅሙ ተንፍሶ ከደረት በጥልቀት አስሎ የወጣው ነው የሚፈለገው። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ ናሙናው ከገባበት በሁለት ሰዓት ያህል ውስጥ ቲቢ መኖሩን፣ ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መላመዱንም ይለያል። የኤችአይቪና የደም ምርመራ፣ እንደ አስፈላጊነቱም ራጅ ይታዘዛል።

ቲቢ ከተገኘ ሕክምናው ለተለመደው ዓይነት ስድስት ወር ነው፦ ሁለት ወር አራት መድኃኒት፣ አራት ወር ሁለት መድኃኒት። በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ይሰጣል። ሪፋምፒሲን ሽንትንና ላብን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ይህ አያስደነግጥም። አብረው የሚኖሩ ሁሉ፣ በተለይ ሕፃናት፣ ይመረመራሉ፤ መከላከያ መድኃኒት የሚያስፈልገውም ይሰጠዋል። ላቡና ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋሉ። «ድኛለሁ» ብሎ ማቋረጥ የሚመጣው ያኔ ነው፤ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱም ይኸው ነው።

ሕክምና ሊያቋርጥ የሚችል ሌላ ነገር ሰፈር መልቀቅ ነውና፣ እዚህ ላይ ስለ ፒያሳ ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። በ2016 ዓ.ም. የአራዳ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውሯል። ሕክምና ላይ እያለ ሰፈር የሚለቅ ሰው ጤና ጣቢያውን የዝውውር ወረቀት መጠየቅ አለበት፤ ክኒኑ በአዲሱ ሰፈር ይቀጥልለታል። ጎረቤት ጎረቤቱን «ዛሬ ዋጥክ?» ብሎ የሚጠይቅበት ግቢ አሁን ስለሌለ፣ የሚያስታውስ ሰው የመመደቡ ሥራ የጤና ባለሙያዎችና የዘመድ ነው።

ለአንባቢ የቀረው ሥራ ቀላል ነው። እቤትዎ የሚያልበው ሰው ካለ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ ይጠይቁት። መልሱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ አይውቀሱት፣ አያስፈራሩት፤ ነገ ጠዋት አብረውት ይሂዱ።