ትልቁ የአሬሲቦ ዲሽ ለምን ወደቀ?

ሻይ ቤት ጣሪያ ላይ የሚተከለውን የሳተላይት ዲሽ የማያውቅ የለም። ጎድጎድ ብሎ የተሠራው ከላይ የሚመጣውን ደካማ ሞገድ ሰብስቦ ከፊቱ ወደተሰቀለችው ትንሽ መቀበያ እንዲመልስ ነው። መቀበያዋ ትንሽ ከተጣመመች ሥዕሉ ድርግም ይላል። ይህን ካወቃችሁ የራዲዮ ቴሌስኮፕን ግማሹን አወቃችሁ ማለት ነው። ልዩነቱ ሞገዱ የሚመጣው ከከዋክብት መሆኑ ነው፤ ያውም እጅግ የደከመ ሞገድ። ስለዚህ ዲሹ በጣም ትልቅ መሆን አለበት።

ለብዙ ዓመታት በዓለም ትልቁ የነበረው አሬሲቦ ይባላል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የተሠራው በካሪቢያን ባሕር ውስጥ ባለችው፣ በአሜሪካ ሥር በምትተዳደረው ፖርቶ ሪኮ ደሴት ነው። ሐሳቡን ያመጣው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ጎርደን ሲሆን ሥራ የጀመረው በ1963 ነው። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 305 ሜትር፤ ሦስት የኳስ ሜዳ በቁመት ቢቀጣጠል ያህል ማለት ነው። ይህን የሚያክል ነገር አቁሞ ማዞር ስለማይቻል መሐንዲሶቹ ተፈጥሮ ራሷ እንደ ሳህን የጎደጎደችውን የኖራ ድንጋይ ሸለቆ ፈልገው ዲሹን እዚያ አነጠፉት። ዲሹ ንቅንቅ አይልም ነበር። የሚንቀሳቀሰው ከበላዩ፣ ከ130 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተንጠለጠለው መቀበያ ነበር። መቀበያውን የተሸከመው መድረክ ወደ 900 ቶን ይመዝን ነበር። መድረኩን አየር ላይ የያዙት ደግሞ ከሦስት የኮንክሪት ማማዎች የተወጠሩ የብረት ገመዶች ናቸው። እነዚህን ገመዶች አትርሷቸው፣ እንመለስባቸዋለን። የጀምስ ቦንድን ‹‹ጎልደን አይ›› በቪዲዮ ያያችሁ ካላችሁ መጨረሻ ላይ የሚደባደቡት እዚያ ላይ ነው።

አሬሲቦ መስማት ብቻ ሳይሆን መላክም ይችል ነበር። ሞገድ ልኮ፣ ልክ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ ሲመጣ ይቀበል ነበር። ሜርኩሪ የምትባለው ፕላኔት በራሷ ዛቢያ አንዴ ለመዞር 88 ቀን ይፈጅባታል ሲባል ኖሮ፣ በ1965 59 ቀን መሆኑ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ወደ መሬት የሚጠጉ አስትሮይዶችን ቅርጽና መንገድም እንዲሁ ይለካ ነበር። በ1974 ራስል ሃልስ የሚባል ተማሪ ከመምህሩ ከጆሴፍ ቴይለር ጋር አንዱ በሌላው ዙሪያ ከሚዞሩ ጥንድ ኮከቦች መካከል የሆነ ፑልሳር በአሬሲቦ አገኘ። የጥንዶቹ ዙረት ልክ አንስታይን በተነበየው መጠን እየጠበበ መሄዱ ታየ፤ ሁለቱም በ1993 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ልብ በሉ፣ ሃልስ ያኔ ገና ዲግሪውን እየሠራ ነበር።

በዚያው በ1974 ኤም 13 ወደሚባለው የከዋክብት ክምችት መልእክት ተልኳል። መልእክቱ 1679 ምልክቶች አሉት። የሒሳብ መምህራን፣ ለምን ይህ ቁጥር እንደተመረጠ ተማሪዎቻችሁን ጠይቁልኝ። ከ1 እና ከራሱ ሌላ የሚካፈለው ለ23 እና ለ73 ብቻ ነው፤ ሁለቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። የሚቀበለው ፍጡር፣ ካለ፣ ምልክቶቹን 23 በ73 አድርጎ ሲደረድራቸው ሥዕል ይወጣለታል።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሠራ ቴሌስኮፕ ምን ነካው? መጀመሪያ የመጣው የገንዘብ ጉዳይ ነው። በ2006 ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የሚያማክር ቡድን ለሥነ ፈለክ ሥራው የሚሰጠው ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ዓመታዊ በጀት ወደ 4 ሚሊዮን እንዲወርድ፣ ሌላ ረዳት ካልተገኘም ወደፊት እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረበ። አዳዲስ ቴሌስኮፖች ገንዘብ ይፈልጉ ነበርና። ከዚያ በኋላ ይዘጋል አይዘጋም እየተባለ ዓመታት አለፉ። በመስከረም 2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቷን ሲመታ ከመድረኩ ላይ ረጅሙ አንቴና ተሰብሮ ወድቆ ዲሹን ቀደደው። ያም ሆኖ ጣቢያው በዚያ ሰሞን ለአካባቢው ሕዝብ የመጠጥ ውሃ ሲያድል ነበር።

አሁን ወደ ገመዶቹ። የገመዱ ጫፍ የሚታሰረው እንዲህ ነው፦ ቀጫጭን ሽቦዎቹ እንደ መጥረጊያ ተበትነው ሾጣጣ የብረት ቀፎ ውስጥ ይገባሉ፣ ከዚያ የቀለጠ ዚንክ ይፈስበታል። ዚንኩ ሲረጋ ሽቦውን ጨምድዶ ይይዛል። ነገር ግን ዚንክ ከባድ ሸክም ለብዙ ዓመት ሲጎትተው፣ ሳይቀልጥም እንኳ፣ በጣም በዝግታ ቅርጹን ይለውጣል። በነሐሴ 2020 አንድ ረዳት ገመድ ከቀፎው ሾልኮ ወጣና ዲሹን 30 ሜትር ያህል ቀደደው። በኅዳር 6 ቀን ደግሞ አንድ ዋና ገመድ ተበጠሰ፤ የሚገርመው፣ ሊሸከም ይችላል ከተባለው ክብደት በታች ተሸክሞ እያለ ነው። መሐንዲሶቹ ሰው ወጥቶ መጠገን የማይቻል መሆኑን ስላመኑ እንዲፈርስ ተወሰነ። እስኪፈርስ አልጠበቀም። ታኅሣሥ 1 ቀን 2020 ጠዋት የቀሩት ገመዶች ተበጥሰው 900 ቶኑ ዲሹ ላይ ወረደ። ሰው አልተጎዳም።

የአሜሪካ ብሔራዊ አካዳሚዎች በ2024 ባወጡት የምርመራ ዘገባ ዋናው ጥፋት የዚንኩ መለጠጥ ነው ተባለ። ገመዶቹ ከቀፏቸው እየወጡ መሆናቸው ከመውደቁ በፊት በዓይን የሚታይ፣ በማስመሪያ የሚለካ ነበር፤ እንደ አደጋ ምልክት ግን አልተወሰደም። በጀት መቀነሱ ገመድ በጠሰ ማለት አልችልም። ይዘጋል እየተባለ ለዓመታት የሚንጠለጠል ቦታ ግን እንዴት እንደሚጠገን እኛ እዚህ ያለን ሰዎች አናጣውም፦ ክፍሉ ይማራል፣ ጣሪያው ‹‹ለሚቀጥለው ዓመት›› ይባላል።

ሳይንቲስቶች በቦታው አዲስ ቴሌስኮፕ እንዲሠራ ንድፍ አቅርበው ነበር። ፋውንዴሽኑ ግን በጥቅምት 2022 መልሶ እንደማይሠራው፣ ቦታው የሳይንስ ትምህርት ማዕከል እንደሚሆን አስታወቀ። መምህር ነኝና የትምህርት ማዕከል ሲከፈት ቅር አይለኝም፤ ዲሽ የሌለው አሬሲቦ ግን ለእኔ መጽሐፍ የሌለው ቤተ መጻሕፍት ነው። በቻይና በ2016 ተሠርቶ ያለቀው ፋስት የተባለው ቴሌስኮፕ 500 ሜትር ስፋት አለው፣ እሱም ሸለቆ ላይ የተነጠፈ ነው። በመስማት ከአሬሲቦ ይበልጣል። ሞገድ ልኮ አስትሮይድ እንዲለካ ግን አልተሠራም፤ ስለዚህ ያን ሥራ አልወረሰም።

የተረፈው በብዙ ዓመታት የተሰበሰበው መረጃ ነው። ከውድቀቱ በኋላ በአሜሪካ ቴክሳስ ወዳለ የኮምፒውተር ማዕከል ተዛውሯል፤ ገና ያልተመረመረ ብዙ ነገር አለበት።