ፈርን በሰበታ፦ ከበረንዳ እስከ ሳሎን

ፈርን አበባም ፍሬም የለውም፤ የሚራባው ስፖር በሚባል ደቃቅ ብናኝ ነው። በቅጠሉ ጀርባ በረድፍ የሚታዩት ቡናማ ነጠብጣቦች የስፖሩ ማኅደሮች ናቸው። በሽታ እየመሰለ የሚቆረጠው ጤነኛ ቅጠል ብዙ ስለሆነ ይህን ማወቁ ይጠቅማል።

ለሰበታ ፈርን እንግዳ አይደለም። በአቅራቢያዋ ባለው በወጨጫ ተራራ፣ በመናገሻ ሱባ ደን ውስጥ፣ በጽድና በዝግባ ጥላ ሥር ይበቅላል። ግንድ አውጥቶ ዛፍ የሚያህለው ሲያቴያ የተባለው ፈርን ግን የደቡብ ምዕራብ እርጥብ ደኖች ተወላጅ ነው። ለቤት የሚስማማው ቅጠሉ እንደ ፏፏቴ የሚወርደው ቦስተን ፈርን ነው። የትኛውም ዓይነት ቢሆን ከደን ተነቅሎ መምጣት የለበትም፤ ደኑ ይጎዳል፣ ተክሉም ብዙ ጊዜ አይጸድቅም።

ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ ዓመቱ ለፈርን ሁለት መልክ አለው። ክረምቱን ዝናቡና ደመናው ይንከባከቡታል። ከጥቅምት ወዲያ አየሩ ይደርቃል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። አፈሩ ርሶ እያለ እንኳ ቅጠሉን ከጫፉ የሚያቃጥለው ይህ ደረቅ አየር ነው። እርጥበት ለፈርን ምን ያህል እንደሚጠቅም አንድ የቆየ ታሪክ ያሳያል፦ ናትናኤል ዋርድ የተባለው የለንደን ሐኪም በግቢው የተከላቸው ፈርኖች በከሰል ጭስ ሞተውበት ነበር፤ በ1829 እ.ኤ.አ. ገደማ ግን በተከደነ ጠርሙስ ውስጥ፣ በራሱ እርጥበት የሚኖር ፈርን በቅሎ አገኘ። የቤት ውስጥ እንክብካቤም ይህንኑ እርጥበት ማቆየት ነው፦ ተክሎችን አቀራርቦ ማስቀመጥ፣ ጠጠርና ውሃ በያዘ ሰሃን ላይ ማሳረፍ፣ ከምድጃና ከቀትር ፀሐይ ማራቅ። ውሃ የሚጠጣው አፈሩ ላይ ላዩን ሲደርቅ ነው፤ የማሰሮው ቂጥ ውሃ ካቆረ ሥሩ ይበሰብሳል።

ከቤት ውጭ የሚመረጠው ቦታ የጠዋት ፀሐይ ብቻ የሚያገኝ በረንዳ ወይም የዛፍ ጥላ ነው። በሰበታ ሜዳ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ያቁራል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የጫካ አፈር፣ ብስባሽና አሸዋ ተቀላቅሎ ከፍ ባለ መደብ ላይ ይተከላል። ውርጭ በሚበረታበት ወቅት ማሰሮውን ማታ ማታ ወደ ቤት ማስገባት ይሻላል። መሬት ላይ የተተከለው ደግሞ መሃሉ በገለባ ወይም በጆንያ ይሸፈናል።

ማሰሮውን ሥር ሲሞላው፣ ዝናብ ሲጀምር በሰኔ፣ ተክሉ ከነሥሩ በስለታም ቢላ ተከፍሎ ለየብቻ ይተከላል። ማዳበሪያ የሚሰጠው የተጠቀለለ አዲስ ቅጠል ከመሃል ብቅ ሲል ነው፤ ያም ከታዘዘው መጠን በግማሽ ቀጥኖ።